ከወለደች ዓመት ከመንፈቅ ኮርማ ያልፈለገች ላም፦ ከቃሉ ለተላከ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ከቃሉ ወረዳ የላኩት ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። ስድስት ላሞች አሉዎት፤ አራቱ የአገር ዘር ሲሆኑ ሁለቱ የራያ ደም አላቸው። ዋናው ገቢዎ ወተት ሳይሆን ወይፈን አሳድጎ ለባቲና ለኮምቦልቻ ገበያ ማቅረብ ነው። ከብቶቹ በወል ግጦሽና አዝመራ በተነሣበት ማሳ ላይ ይውላሉ፤ በበጋ የማሽላ አገዳና የጤፍ ጭድ ይጨመርላቸዋል። ላሞቹ ከወለዱ በኋላ ግን ዓመት፣ አንዳንዴም ዓመት ከመንፈቅ ኮርማ ሳይፈልጉ ይቆያሉ። አንድ ሰው «መርፌ ያስወጓቸው፤ በሦስተኛው ቀን ኮርማ ይፈልጋሉ» ብሎዎታል፤ ሌላው ደግሞ ጥጃውን ከእናቱ ጨርሰው ይለዩ ብሎ መክሮዎታል። እርስዎ ጥጃው እንዳይጎዳና ላሟም ወተት እንዳትከለክል ሰግተዋል። በመጨረሻም ሦስት ዓመት የሆናትን ጊደር መቼ እንደሚያስጠቁ ጠይቀዋል።

ሥጋትዎ ተገቢ ነው። ሁለቱም ምክሮች በቦታቸውና በጊዜያቸው ሲሆኑ የሚጠቅሙ፣ ያለቦታቸው ሲገቡ ግን ላሟንም ጥጃውንም የሚጎዱ ናቸው። ከሁለቱም አስቀድሞ መታየት ያለበት ላሟ በወለደችበት ቀን ገላዋ ላይ የነበረው ሥጋና ስብ ነው። እንደጻፉልኝ ላሞችዎ በአብዛኛው የሚወልዱት ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ፣ በጋው አክስቷቸው የጎድን አጥንታቸው በሚቆጠርበት ወቅት ነው። ችግሩ የተጀመረው እዚያ ነው፤ እርስዎ ያስተዋሉት ግን ከወሊድ በኋላ፣ ውጤቱ ሲታይ ነው።

የላም ሰውነት ያገኘውን ምግብ የሚያከፋፍልበት የራሱ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ነፍሷን ታቆያለች፤ ቀጥሎ ለጥጃዋ ወተት ታወርዳለች፤ ከዚያ የከሳ ገላዋን ትመልሳለች፤ ሌላ ጽንስ መያዝ የሚመጣው እነዚህ ሁሉ ከተሟሉ በኋላ ነው። አንጎሏ የስንቋን መጠን የሚያውቀው በደም ውስጥ ካለው ስኳርና ሌፕቲን ከሚባለው፣ ከስብ ከሚመነጨው ሆርሞን ነው። ስንቁ ካነሰ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የተባለች ዕጢ እንቁላል አብስሎ የሚያስወጣውን ሆርሞን በሚገባው ድግግሞሽ መልቀቅ ታቆማለች። እንቁላል የሚመነጭበት እንቁልጢዋ ጤነኛ ነው፤ ማህፀኗም በወለደች ከ30 እስከ 40 ባለው ቀን ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ትእዛዝ ሰጪው ክፍል ግን ዝም ብሏል። ስለዚህ እንዲህ ያለችውን ላም «መሲና ናት» ብሎ ወደ ገበያ መንዳት ብዙ ጊዜ ጤነኛ እናት መሸጥ ነው፤ ይህን ስሕተት በወሎ ቆላና ወይና ደጋ በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ሁልጊዜም ያሳዝነኛል።

ይህ የእኛ ላሞች ብቻ ጠባይ አይደለም። በሰሜን አውስትራሊያ ሰፊ ግጦሽ ላይ በሚውሉት፣ እንደ እኛ ደገኛ ላሞች ሻኛ ባላቸው የብራህማን ላሞች ላይ የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶችም ጥጃ እያጠቡ ኮርማ ሳይፈልጉ መቆየት ለጥጃ ቁጥር ማነስ ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ መሆኑን፣ መዘግየቱም ከሰውነት አቋም፣ ከፎስፈረስ እጥረትና ከወሊድ ወር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል። የእርስዎ ሁለት ላሞች ደም ያለባቸው የራያ ከብት ሳንጋ ከሚባለው ወገን ነው፤ ይህም ቃል ለተቀጠቀጠ በሬ ከምንሰጠው «ሰንጋ» ከሚለው ስም ጋር መምታታት የለበትም። ሳንጋ የጥንቱ ሻኛ የለሽ የአፍሪካ ከብትና ሻኛው ከብት የተደባለቁበት ዘር ሲሆን፣ በደረቅ ወቅት ከስቶ በዝናብ ወቅት ፈጥኖ ገላ በመመለስ የታወቀ ነው። ፈጥኖ የሚመለስ ገላ መኖሩ ለእርስዎ ትልቅ ዕድል ነው።

አሁን ስሌቱን እንመልከት። ላም የምታረግዘው በአማካይ 285 ቀን ገደማ ነው። በየዓመቱ እንድትወልድ ከተፈለገ ከወለደች በ80 ቀን ውስጥ መያዝ አለባት፤ ይህ በጭድና በአገዳ ለሚኖር ከብት ከአቅም በላይ ነው፤ «በየዓመቱ ጥጃ» እያሉ የሚመክሩዎትን አልደግፍም። ሊደረስበት የሚችለው ግብ በአራት ዓመት ሦስት ጥጃ፣ ማለትም በ16 ወር አንድ ጥጃ ነው። ለዚህም ላሟ ከወለደች በስድስት ወር ተኩል ውስጥ ከያዘች ይበቃል። አሁን ላሞችዎ በሁለት ዓመት አንዴ የሚወልዱ ከሆነ፣ ይህ ለውጥ ከእያንዳንዷ ላም በአራት ዓመት አንድ ተጨማሪ ጥጃ ያስገኝልዎታል፤ ከስድስቱ ስድስት ማለት ነው።

ከብትዎ በምን አቋም ላይ እንዳለ ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግዎትም። በአዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል፣ ብዙዎች ኢልካ ብለው የሚያውቁት፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ሻኛ ላላቸው ከብቶች የሚሆን የአቋም መለኪያ አሳትሟል፤ መለኪያው ከ1 እስከ 9 ደረጃ አለው። ላሟን ከጎንና ከኋላ ቆመው ይመልከቷት። የጀርባዋ አጥንት እንደ መጋዝ ጥርስ አንድ በአንድ የሚታይ፣ የዳሌዋ ጫፍ የሾለ ከሆነ ከ3 በታች ናት። የጎድን አጥንቶቿ እየታዩ የጀርባዋ አጥንት ግን እምብዛም የማይለይ ከሆነ ወደ 4 ደርሳለች። ጀርባዋ ለዓይን ለስልሶ፣ አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ ብቻ የሚገኝ ከሆነ 5 ናት። የምትወልድ ላም ቢቻል 5፣ ካልሆነም ከ4 ባታንስ መልካም ነው። 3 ሆና የወለደች ላም ግን በወተት ወቅት እንደገና ስለምትከሳ ወራት ይባክናሉ።

ታዲያ ገላዋ መቼ ይሠራ? የሁሉ መቋጠሪያ እዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ከጥጃው የልደት ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚያድገው በመጨረሻዎቹ ሁለት የእርግዝና ወራት ነው። በክረምቱ ሣር ገላዋን መልሳ መስከረም 1 ቀን የያዘች ላም ሰኔ አጋማሽ ላይ ትወልዳለች፤ ስለዚህ ሆዷ ያለው ጥጃ ብዙ የሚጠይቃት በሚያዝያና በግንቦት፣ ማለትም በልጉ ከቀረ ምንም በሌለበት ጊዜ ነው። የበልግ ዝናብ በእኛ አገር አንድ ዓመት ይመጣል፣ ሌላ ዓመት ይቀራል፤ በእሱ ላይ ተማምኖ እርጉዝ ላም ማቆየት አይቻልም። ጥቂት ተጨማሪ መኖ ካለዎት ለሁሉም እኩል አይበትኑት፤ ለመውለድ ሁለት ወር ለቀራቸው ላሞች ብቻ ይስጡት። በሁለት ዓመት አንዴ በሚወልዱ ስድስት ላሞች ውስጥ በአንድ ዓመት የሚወልዱት ሦስት ገደማ ናቸው። ለእያንዳንዷ በቀን 1 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው፣ ለ60 ቀን ቢሰጥ 60 ኪሎ፣ ለሦስቱ 180 ኪሎ ይሆናል። ዋጋው ቀላል ባይሆንም ከአንድ ጥጃ ዋጋ ጋር አስተያይተው ይወስኑ።

ፋጉሎን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በላም ትልቁ ሆድ ውስጥ ጭዱን የሚያፈጩት በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ዘአካላት ናቸው፤ እነሱም ፕሮቲን ካላገኙ አይሠሩም። ከመቶ 7 እጅ በታች ፕሮቲን ያለው መኖ ሆድ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል፣ ላሟም ሆዷ ሞልቶ ትራባለች። የጤፍ ጭድና የማሽላ አገዳ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በታች ናቸው፤ የኑግ ፋጉሎ ደግሞ ከመቶ 30 እጅ ገደማ ፕሮቲን አለው። ስለዚህ 1 ኪሎ ፋጉሎ ላሟን የሚመግባት በራሱ ብቻ አይደለም፤ ሳይፈጭ ያልፍ የነበረውን ጭድም ያስፈጭላታል። ፋጉሎ ካልተገኘ በማሳ ዳርና በጓሮ የሚበቅል ሰስባንያ የተባለ ዛፍ ቅጠሉ ከመቶ 20 እጅ በላይ ፕሮቲን አለው፤ ከሦስት ወር በላይ ርጥብ ሣር ላላየች ላምም የቫይታሚን ኤ ጎተራ ነው። የግራር ፍሬም ሰብስበው ቢያከማቹ ይጠቅማል። በለስ እሾሁ በእሳት ከተቃጠለ በኋላ ውኃ ለጠማው ከብት መልካም ነው፤ ነገር ግን ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ስለሆነና ብቻውን ሲበላ ስለሚያስቀምጥ ከጭድ ጋር ተቀላቅሎ ይሰጥ። እሾሁ በደንብ ሳይቃጠል የተሰጠ በለስ የከብቱን አፍ አቁስሎ ጨርሶ መብላት ያስተዋል።

ዩሪያ ማግኘት ከቻሉ ጭዱን ማከም ይቻላል፦ ለ100 ኪሎ ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር ውኃ ውስጥ ተሟሙቶ እየተረጨ ይረገጣል፣ አየር እንዳይገባው በላስቲክ ተሸፍኖ 21 ቀን ይቆያል፣ ከመሰጠቱ በፊትም ሽታው እስኪለቅ ሌሊቱን ተበትኖ ያድራል። ዩሪያ በእጅ የተያዘ መርዝ ነው፤ ከስድስት ወር በታች ላለ ጥጃ አይሰጥም፣ የተራበ ከብትም ከነመያዣው እንዳያገኘው መጠበቅ አለበት።

ላሞችዎ በሜዳ የወደቀ አጥንት አንሥተው ሲያኝኩ ካዩ የፎስፈረስ እጥረት እንዳለ ይጠርጥሩ። አጥንት ማኘክ ራሱ ሌላ አደጋ አለው፤ የበሰበሰ ሥጋ የተጣበቀበት አጥንት ሽባ አድርጎ የሚገድል መርዝ ሊይዝ ይችላል። ማዕድን ያለበት የሚላስ ጨው ከተራ አሞሌ የሚሻለው ለዚህ ነው። ውኃን በተመለከተ ደግሞ አንዲት የእኛ ላም በሙቀት ወቅት በቀን ከ25 እስከ 40 ሊትር ትፈልጋለች፤ በሁለት ቀን አንዴ የምትጠጣ ላም የምትበላውንም ትቀንሳለችና ፋጉሎው በከንቱ ይቀራል።

ወደ ጥጃው ልመለስ። ጥጃ መጥባቱ እናቱን ከኮርማ እንደሚያዘገያት እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ብዙዎች እንደሚገምቱት ወተቱ መውጣቱ ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት እናት የራሷን ጥጃ በጠረኑና በዓይኗ ለይታ ስታጠባ በአንጎሏ ውስጥ የሚመነጩ እንደ ማስታገሻ ያሉ ንጥረ ነገሮች ለእንቁላል መብሰል የሚያስፈልገውን ሆርሞን ያፍኑታል፤ ባዕድ ጥጃ ቢጠባት ወይም በእጅ ብትታለብ ያን ያህል አትታፈንም። እንግዲህ ላሟን የሚያዘገያት በእሷና በልጇ መካከል ያለው ትስስር ነው፤ ስለዚህም ይህን ትስስር ስንነካ በጥንቃቄ መሆን አለበት።

በአውስትራሊያ ጥጃን በአራት፣ በአምስትና በስድስት ወር ፈጽሞ መለየት የተለመደ ነው፤ እዚያ ላሟ አትታለብም፣ ጥጃውም የተዘጋጀ መኖ ይጠብቀዋል። የእኛ ላም ግን ጥጃዋ ካልጠባት ወተት አታወርድም፤ ጥጃው ሲሞት ቆዳው በገለባ ተሞልቶ ፊቷ የሚቆመው ለዚህ አይደለም? ስለዚህ ጨርሶ መለየቱን ይተዉት። የጻፉልኝ ልማድዎ ቀን ጥጃውን እቤት አስቀርቶ ሌሊት ከእናቱ ጋር ማሳደር ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ መጥባቱ ቀን የተገኘውን እረፍት ያፈርሰዋል። ጥጃው 45 ቀን ከሞላው በኋላ ጠዋትና ማታ በሚታለብበት ሰዓት ብቻ ይጥባ፤ ሌሊት በበረቱ ውስጥ በአጠና አጥር ተለይቶ፣ እናቱን እያየና እየሰማ ይደር። ዓይን ለዓይን እየተያዩ የተለያዩ እናትና ጥጃ ጨርሶ ከተራራቁት ይልቅ ጩኸታቸውም መንከራተታቸውም ያነሰ ነው። በአፍንጫው ላይ እሾህ ማሰር ግን አይመከርም፤ የእናቲቱን ጡት ያቆስላል፣ ከቆሰለ ጡት ደግሞ የጡት በሽታ ይመጣል።

የሚጠባው መጠን ሲቀነስ ለጥጃው የሚካካስለት ነገር ሊኖር ይገባል። በመጀመሪያ፣ በተወለደ በስድስት ሰዓት ውስጥ እንገር ጠግቦ መጥባት አለበት፤ የእኛ ጥጃ ክብደቱ 20 ኪሎ ገደማ ስለሆነ 2 ሊትር ያህል ይበቃዋል። ጥጃ ሲወለድ በሽታን የሚከላከልበት ኃይል በደሙ ውስጥ የለም፤ የሚያገኘው ከእንገር ነው፣ አንጀቱም ይህን ኃይል አሳልፎ ወደ ደም የሚያስገባው ለአንድ ቀን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ እንገሩ ለቤተ ሰብ የሚፈላው ጥጃው ከጠገበ በኋላ ይሁን። ቀጥሎ፣ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ለስላሳ ድርቆሽና ንጹሕ ውኃ በአጠገቡ ይኑር። ጨለማ ቤት ውስጥ አጭር ገመድ አንገቱ ላይ ታስሮ ያለ ውኃ የሚውል ጥጃ ወደፊት ለገበያ የሚቀርብ ወይፈን አይሆንም።

ላሟ ከ60 ቀን በላይ ሆኗት፣ አቋሟም 5 ደርሶ አሁንም ኮርማ ካልፈለገች፣ ጥጃውን ለ48 ሰዓት ብቻ መለየት ድራቷን፣ ማለትም ኮርማ መፈለጓን፣ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት ጥጃው ውኃና መኖ ሊያገኝ፣ ላሟም ልትታለብ ይገባል። የከሳች ላም ላይ ግን ይህን አያድርጉ፤ አይሠራም፣ ሁለቱንም ያስጨንቃል።

አሁን መርፌው። ድራትን ለማምጣት በብዛት የሚወጋው ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ሆርሞን ነው። የሚሠራው እንቁላል ከወጣ በኋላ በእንቁልጢ ላይ የሚበቅለውን ቢጫ አካል በማፍረስ ነው። ጨርሶ ድራት ያልጀመረች ላም ይህ አካል የላትም፤ ስለዚህ የሚፈርስ ነገር ስለሌለ መርፌው ገንዘብ ከማስወጣት በቀር ምንም አይጠቅማትም። ያረገዘች ላም ከተወጋች ደግሞ ትጨነግፋለች። አንድ ጊዜ በሽያጭ ዞሮ የሚወጋ ሰው «ባዶ ናት» ብሎ የወጋት ላም ጽንሷ ከወረደ በኋላ ተጠርቼ ሄጄ ነበር፤ ባለቤቱ ኮርማ ስትጠቃ ባለማየቱ ብቻ ባዶ መስላዋለች። ስለዚህ ማንም ሰው እጁን በፊንጢጣዋ አስገብቶ ማህፀኗን በትክክል ሳይመረምር ላምዎን እንዲወጋ አይፍቀዱ። መድኃኒቱ በቆዳ ስለሚገባ ነፍሰ ጡር ሴቶችና አስም ያለባቸው ሰዎች ሊነኩት አይገባም፤ ይህን የሚናገር ሻጭ ጥቂት ነው።

ሌላው ነጥብ፣ ምናልባት አንዳንዶቹ ላሞችዎ ኮርማ እየፈለጉ እርስዎ ሳያዩዋቸው ይቀራሉ። ሻኛ ያላቸው ላሞች ድራታቸው አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሰዓት አይበልጥም፣ ብዙውም በሌሊት ይሆናል። ጎሕ ሲቀድና ከብት ሲገባ ጥቂት ደቂቃ ቆመው ይመልከቱ፤ ቁርጠኛው ምልክት ሌላ ከብት ሲወጣባት ሳትሸሽ መቆሟ ነው፤ ከብልቷ የሚወርድ ንጹሕና የሚለጠጥ ፈሳሽም ይታያል። እረኛው ልጅ ከሁላችን በላይ ያያልና ይጠይቁት፣ ያየበትንም ቀን ይመዝግቡለት። ሰው ሠራሽ ማዳቀል ካሰቡ ጠዋት የታየች ማታ፣ ማታ የታየች በማግሥቱ ጠዋት ትዳቀላለች። ስትዳቀል እየተደበደበችና እየተጎተተች ከሆነ የድንጋጤው ሆርሞን እንቁላል መውጣቱን ያዘገያልና በእርጋታ ትያዝ።

በመንደሩ የተረፈው ኮርማ ማን እንደሆነም ያስቡበት። መልካሞቹ ወይፈኖች ለሰንጋ ይቀጠቀጣሉ ወይም ይሸጣሉ፤ ለላሞቹ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ማንም ያልፈለገው ነው። ከጎረቤቶችዎ ጋር ተስማምተው ለ25 ወይም ለ30 ላም አንድ ጥሩ ኮርማ ቢያስቀሩ፣ ፋጉሎም ቢደርሰው፣ ዋጋው ከሁሉም ምክሮቼ ርካሹ ነው። አንድ የወንድ ዘር ፍሬ ለመብሰል ሁለት ወር ገደማ ይፈጅበታልና በግንቦት የከሳና በሙቀት የተጎዳ ኮርማ በሐምሌ ላይ ሊያስረግዝ ላይችል ይችላል።

ላሞችዎ በእርግዝና መጨረሻ ወራት የጨነገፉ ወይም የእንግዴ ልጅ የቀረባቸው ካሉ ውርጃ የሚያመጣውን ብሩሴሎሲስ ይጠርጥሩ። የወደቀውን ጽንስና የእንግዴ ልጅ በባዶ እጅ አይንኩ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩት፣ ለውሻ አይጣል፤ ወተቱም ሳይፈላ አይጠጣ፣ በሽታው ሰውን ይይዛልና። የወረዳዎ የእንስሳት ሐኪም የደም ናሙና ወስዶ ወደ ኮምቦልቻው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ሊልክልዎ ይችላል።

ከስድስቱ ላሞች መካከል ያረጀች ወይም በደንብ ተመግባም ሁለት ዓመት ያልያዘች ካለች፣ በጥቅምትና በኅዳር ገላዋ ሙሉ ሳለ ትሸጥ። በወሎ ከብት ማብዛት የክፉ ቀን መጠባበቂያ መሆኑን፣ 77ትን ያየ ሰው ላም መሸጥ እንደሚከብደው አውቃለሁ። ነገር ግን በአምስት ላም የሚበላ ጭድ ለስድስት ሲከፋፈል በክፉው ቀን ስድስቱም አብረው ይወድቃሉ።

ስለ ጊደርዎ የጠየቁት መልሱ ዕድሜዋ ሳይሆን ክብደቷ ነው። የእናቷን ክብደት ከመቶ 60 እስከ 65 እጅ ስትደርስ ትጠቃ፤ እናቷ 250 ኪሎ ገደማ ከሆነች ጊደሯ ከ150 እስከ 160 ኪሎ ማለት ነው፤ የወረዳው ባለሙያ በደረት መለኪያ ገመድ ይገምትልዎታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታረግዝ ስለሆነች ከሆልስታይን ኮርማ ዘር አትዳቀል፤ የጥጃው ትልቅነት ለጠባብ ዳሌዋ አይሆንም፣ በምጥ ላይ ሁለቱንም ልታጡ ትችላላችሁ። መልካም የራያ ወይም የአገር ኮርማ ይምረጡላት፤ በነሐሴ ወይም በመስከረም ከያዘች ደግሞ የመጋቢትን፣ የሚያዝያንና የግንቦትን ፋጉሎ ከአሁኑ ለእሷ ቀድመው ያስቀምጡላት፤ እሷ ገና ራሷም በማደግ ላይ ስለሆነች ከትልልቆቹ ላሞች የአንድ ወር ብልጫ ያስፈልጋታል።